ጭራው መሬት አይነካም

ታንጉት ስትፈጠርም ቁጡ ናት። እናቷ «ይህቺን ልጅ በርበሬ ስወቅጥ ነው ምጥ የያዘኝ» እያለች ጎንደር ላይ ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ የሥነ ሕይወት ትምህርቷን ጨርሳ፣ አዋሽ ከተማ መምህርት ሆና ስትመደብም ቁጣዋን ከሻንጣዋ ጋር ይዛ ነው የመጣችው። የአዋሽ ሙቀት ደግሞ ቁጡ ሰው የሚያበርድ አይደለም። ያም ሆኖ በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የተቆጣችውን ያህል ተቆጥታ አታውቅም። የቁጣዋ መነሻ አንድ ድንጋይ ነበር።

ድንጋዩ የመጣው ከሌሎች ድንጋዮች ጋር በሾፌሩ በካሕሳይ የጭነት መኪና ተጭኖ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ነው። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሳምንታት ቀርተውት አገሩ በሙሉ ቀለም ይቀባል። አዋሽም ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ የክብር እንግዳ የሚቆምበት መድረክ እንድትሠራ ታዘዘች። የአካባቢው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ጥቁርና ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ለክብር እንግዳ እግር አይመጥንም ተባለ። ስለዚህ ነጣ ያለ፣ እንደ ሳንቃ እየተሰነጠቀ የሚወጣ ድንጋይ ከሩቅ አመጡ። ለመድረክ ሲሆን ነዳጅ አይጠፋም።

ታንጉት ከጉሊት ቲማቲም ገዝታ ስትመለስ ሜዳውን አቋርጣ አለፈች። ግንበኛው ከድሩ አንዱን ሰፊ ድንጋይ አጋድሞ መሮውን በአንድ እጁ እንደያዘ አቧራውን በውሃ እያጠበ ነው። ከድሩ የወሎ ሰው ነው፤ የጥጥ እርሻዎቹን መጋዘን ሊገነባ ወርዶ በዚያው ቆላ የቀረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። የደፋው ውሃ በሌላው ድንጋይ ላይ እንደሚሆነው ተንሸራቶ አልወረደም። እዚህም እዚያም ተጠራቀመ፤ የተጠራቀመበት ሁሉ ደግሞ ቅርጽ አለው። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ ከኋላው ጠበብ ያለ ተረከዝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ታንጉት ቲማቲሙን እመሬት ላይ ለቀቀችው።

«ጋሽ ከድሩ፣ እባክህ መሮውን አስቀምጠው» አለች።

ተንበርክካ በጣቷ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ዳር ዳር ትዳስስ ጀመር። ከድሩ ግራ ገብቶት ያያታል። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበርና ሰውዬው ነገሩን ከልቡ ያዘው። ይህ ድንጋይ ድሮ ጭቃ ነበር አለችው። ሰው የሚባል ፍጥረት ሳይኖር፣ ዳይኖሰር የሚባሉት አውሬዎች ምድሩን ሞልተውት በነበረ ዘመን ረገጡት፤ ጭቃው ደረቀ፣ ደለል ለበሰ፣ ዘመን ተጫነውና ድንጋይ ሆነ። አጥንት ሲገኝ የእንስሳውን ግዝፈት ይነግራል፤ ግን የሞተ ነገር ነው፣ ጎርፍም ከሌላ አገር ሊያመጣው ይችላል። ዱካ ግን ሕያው እግር ያረፈበት ነው። እዚህ የረገጠ፣ እዚህ ነበረ። እርምጃው ቢራራቅ ሮጧል፤ ቢቀራረብ አዝግሟል። ቀኝና ግራው እንዲህ በአንድ መስመር ላይ ካረፈ ደግሞ እንደ እንሽላሊት እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚሳብ ሳይሆን፣ እንደ ዶሮ እግሩን ከሥሩ አድርጎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነበር ማለት ነው።

«ጭራም ነበረው» አለች። «ጭራው ቢጎተት ኖሮ በእግሮቹ መካከል ጭቃውን ይሰነጥቀው ነበር። እየው፣ መስመር የለም። ጭራውን አንሥቶ ነው የሚሄደው።»

ከድሩ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ድንጋዩ ዳር ላይ፣ ከትልልቆቹ ጎን ለጎን የተሰለፉ ትንንሽ ዱካዎችን በጣቱ ነክቶ እነዚህስ የምን ናቸው አላት። የልጁ ሳይሆን አይቀርም አለችው፤ ጭቃው አንድ ነው፣ አቅጣጫቸውም አንድ ነው። ከድሩ ጆንያ አምጥቶ ድንጋዩን አለበሰው።

ያን ሰሞን ታንጉት ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ጎልማሶችን ታስተምር ነበር፤ የባቡር ሠራተኞች፣ ባለ ሱቆች፣ የጉሊት ሴቶች። በማግሥቱ ፊደሉን ትታ ሁሉንም ወደ ሜዳው ወሰደቻቸው። እንዲህ ዓይነት ዱካና አጥንት በዓባይ ሸለቆ ቢፈለግ እንደሚገኝ፣ በደቡብ አፍሪካም፣ ዛሬ ውቅያኖስ በሚለየን ምድርም ተመሳሳዩ እንዳለ ነገረቻቸው። ያኔ የብሱ የተያያዘ ነበር። አውሬዎቹ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያሻቸውን ያህል ይሄዱ ነበር። ሰዉ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ታንጉት ወሬው ጣማትና ምላሷ አመለጣት።

«የይለፍ ወረቀት የሚጠይቃቸው አልነበረማ» አለች።

ሰዉ ሳቀ። ያኔ ከአዋሽ ወጥቶ አዋሽ አርባ ለመድረስ እንኳ ቀበሌ ቀርቦ የይለፍ ወረቀት ማስፈረም ግድ ነበርና ሳቁ ከሆድ የወጣ ነው። ከሳቂዎቹ አንዱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ጓድ ሀብተ ቢሮ አመራ።

ጓድ ሀብተ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ሙሉ ስሙ ሀብተ ሥላሴ ነበር፤ ሥላሴን ካባረራቸው ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ክፉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ክፉን ሰው ትሸሸዋለህ። ይሄ ግን ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ሰው መሸሻ የለም። መጥቶ ጆንያውን በጫማው ገልጦ አየና የሰጎን ዱካ ነው ብሎ ፈረደ። በአዋሽ ፓርክ ሰጎን ሞልቷል፤ እዚህ አገር ባለ ሦስት ጣት ሌላ ምን አለ? ታንጉት ሰጎን ያላት ሁለት ጣት ብቻ እንደሆነ ስትነግረው ፊቱ ቀላ። አጠገቡ የቆሙት የኮሚቴው አባላት ከድንጋዩ ይልቅ የራሳቸውን ጣት ማየት ያዙ።

ይሁን እንጂ ሀብተ ነገሩ ዳይኖሰር መሆኑን ሲሰማ ሌላ ሐሳብ መጣለት። በመድረኩ ጎን ከፍጥረት መጀመሪያ እስከ ላብ አደሩ ድል ድረስ የሚያሳይ ትልቅ የሥዕል ሰሌዳ ይቆማል፤ መነሻው ላይ ዳይኖሰር ይሣላል። ከወዳጅ አገር የመጣ መጽሔት ውስጥ ሥዕሉ አለ። አንድ ግዙፍ አውሬ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ጭራውን እንደ ገመድ ከኋላው የሚጎትት። ታንጉት መጽሔቱን አይታ ይሄ ስሕተት ነው አለች፤ ድንጋዩ እኮ ደጃችሁ ላይ ነው፣ ሂዱና እዩት። ሀብተ ያቺን ንግግር እንዳልሰማ አለፋትና ስለ ቀለሙ ጠየቃት።

«አላውቅም» አለች። «ዱካ አካሄዱን ይናገራል፣ አጥንት ቁመናውን ይናገራል። ቀለሙን ግን ማንም አያውቅም።»

«መምህርት ሆነሽ አላውቅም ትያለሽ?»

«ያላወቅሁትን አላውቅም እላለሁ። የተማርሁት እሱን ነው።»

ሀብተ ወደ ሠዓሊው ዞሮ እንግዲያው ቀይ ይሁን አለ። ቀይ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ድንጋዩ የራሱን ዝና እያተረፈ ነው። ሥራ ፍለጋ ከየደጋው የወረደው ቀን ሠራተኛ ወሬውን ሰምቶ ማታ ማታ ሊያየው ይመጣል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚል ተነሣ፤ ፈረስ ከመቼ ወዲህ ነው ጣት ያወጣው ሲሉት ቅዱሱ ያውቃል ብሎ መለሰ። የወሎዎቹ ሙስሊሞች የአንድ ወልይ ምልክት ሳይሆን አይቀርም ብለው በዱካው ውስጥ የቀረውን ውሃ ፊታቸውን ያብሱበት ጀመር። ታንጉት እየዞረች አይደለም፣ የእንስሳ ነው ብትልም ማን ይስማት። የራበው ሰው ተስፋ ያገኘበትን አይለቅም፤ ያን ክረምት ደግሞ ወሎ ውስጥ ረሃብ ገብቶ ሰዉ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። በዓል አለ።

ሀብተ ይህን ሲያይ የአምልኮ ቦታ አልሠራሁም ብሎ ተቆጣ። ድንጋዩ ላይ ያለው ሁሉ በመሮ ተጠርቦ ይስተካከል፣ ከዚያም የመድረኩ የላይኛው ድንጋይ ይሁን፤ የክብር እንግዳው የሚቆመው እሱ ላይ ነው። ታንጉት አዲስ አበባ ወደ ሙዚየም ይላክ ብላ ለመነች፤ እሷ ልመና አያምርባትም፣ ግን ለመነች። እንቢ አላት። በዚያ ላይ የይለፍ ወረቀቱ ቀልድ ተነሥቶባት ሂስና ግለ ሂስ እንድታደርግ ለእሑድ ተጠራች። ሕዝብ ፊት ቆማ ዱካው ምንም እንደማያሳይ፣ የመጽሔቱ ሥዕል ትክክል እንደሆነ፣ ጭራው መሬት ይጎተት እንደነበር ልትናገር ነው። ታንጉት ቤቷ ገብታ ባልዲውን በእግሯ ስትመታው ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ብታሥሩኝም አልናገርም ብላ ማለች። የጎንደር ሰው ልጅ ናት፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው።

ዓርብ ቀን ካሕሳይ ከአሰብ መንገድ ተመለሰ። መኪናውን እንዳቆመ ከድሩን ፈልጎ ወደ ጥግ ወሰደው። ሚሌ ላይ፣ ከባቲ በኩል ከወረደው ሕዝብ መካከል የከድሩን እህት ሐቢባን አይቷታል። ሀምዳ የምትባለውን ትንሿን ልጇን ይዛለች። ሐቢባ ቆማ መሄድ አትችልም፤ ልጅቷ ግን ገና ትስቃለች። ካሕሳይ የያዘውን ዳቦ ሰጥቷቸው፣ መኪናው ላይ ሊጭናቸው ቢል ወረቀት የላቸውም ብለው ኬላው ላይ አወረዱበት።

ከድሩ ዕቃውን ጥሎ ቀበሌ ሮጠ። ሚሌ ሩቅ አይደለም፤ በገዋኔ፣ በአዳይቱ አልፎ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ያለ ወረቀት ከሄደ ግን ኬላው ላይ ይታሠራል፤ ታስሮ ለእህቱ ምን ይጠቅማታል? ቀበሌው ያለ ጓድ ሀብተ ፈቃድ አንፈርምም አለ። ሀብተም ግንበኛ ከበዓሉ በፊት ንቅንቅ አይልም ብሎ መለሰው። ረሃብ የሚባለው የጠላት ወሬ ነው አለው ደግሞ። ይህን የሰማችው ታንጉት ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ የሀብተ ቢሮ ገባች። ሰው እየሞተ ነው፣ አንድ ፊርማ ነው፣ እጅህ ይሰበር ይሆን ብላ ጮኸችበት። ሀብተ አልተቆጣም። እንዲያውም ወንበር ሰጣት።

«እሑድ ግለ ሂስሽን በሥርዓት ካደረግሽ ሰኞ እፈርምለታለሁ» አላት።

ታንጉት ከዚያ ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄደች። ታች ወንዙ ጭቃ መስሎ ይወርዳል። ነገሩ የሚያስቅም ነበር፤ ከሺህ ሺህ ዘመናት በፊት የሞተ አውሬ ጭራ ነው። ቢጎተት ምን፣ ባይጎተት ምን። ግን በሕይወቷ በገዛ ዓይኗ አይታ፣ በገዛ ጣቷ ዳስሳ ያወቀችው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ይህን ከቀሟት ነገ ምኑን እውነት ልትለው ነው? በሌላ ወገን ደግሞ ልጅቷ ገና ትስቃለች ብሏል ካሕሳይ።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ታንጉት ቆመች። ሀብተ ያስጠናትን ተናገረች። ተሳስቻለሁ። ዱካው ምንም አያሳይም። ጭራው መሬት ይጎተት ነበር። በዚያ ዘመን የይለፍ ወረቀት ያልነበረው የሕዝብ መንግሥት ስላልነበረ ነው። የመጨረሻዋን ሲሰማ አዳራሹ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ግን የሚስቅ አልተገኘም። ሀብተ አጨበጨበ፣ ሰዉም ተከትሎ አጨበጨበ። ታንጉት ያን ጭብጨባ ከጥፊ ለይታ አታየውም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ደጃፍ ላይ ቀድማ ተገኘች። ሀብተ ከውስጥ ሻይ እየጠጣ ነው። መፈረሙን እፈርማለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው አላት፤ ግን መድረኩ ሳያልቅ ግንበኛ ብለቅ እኔን ማን ይለቀኛል? ከበዓሉ በኋላ በነጋታው። ላም አለኝ በሰማይ። ታንጉት ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንሥታ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው። ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ሀብተ ድል ያደረገ ሰው ነውና ሳቀ። ሴት ሁልጊዜ ስሜታዊ ናት ብሎ በጓዶቹ መካከል አወራው።

ለከድሩ ልትነግረው ስትሄድ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በዚያ ሰዓት አዋሽ ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፤ ሜዳው ላይ ከድሩ ብቻውን ነው። ነገሩን ቀድሞ ሰምቶታል። ድንጋዩን በብረት ዘንግ ደግፎ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎታል፤ አጠገቡ ከባቡር ጣቢያው የመጣ የተቃጠለ ዘይት በጣሳ ተቀምጧል። ታንጉት ልትጠርበው ነው ወይ ስትለው አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ለእኔ ብለው የማያምኑበትን ተናገሩ» አላት። «ወላሂ አልረሳውም። ወረቀቱ አልተገኘም፤ ያ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እኔም በእጄ ያለው ይሄ ነው።»

ጨርቁን ዘይቱ ውስጥ እየነከረ እያንዳንዱን ዱካ ውስጥ ውስጡን ቀባ፤ ትልልቆቹን ቀብቶ ሲጨርስ ትንንሾቹን በጣቱ ጫፍ ቀባ። ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሲሚንቶ የሚፈስበትን ሣንቃ ዘይት ካልቀቡት ይዞ ይቀራል፣ ከቀቡት ግን ዓመት ቆይቶም ይላቀቃል። ከዚያ መድረኩ አናት ላይ የሲሚንቶውን ሊሾ ወፍራም አድርጎ ዘረጋ። ታንጉትም ቀሚሷን ሰብስባ ዘንጉን ያዘችና ሁለቱ ድንጋዩን ዱካውን ወደ ታች አድርገው ገለበጡት። ወደ ላይ የቀረው ገጽ ልሙጥ ነው፤ እንደ ሳንቃ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ጀርባውም ያው ነው። ሀብተ ማታ መጥቶ በጫማው መታ መታ አድርጎት ግሩም ጠርበኸዋል አለ። ከድሩ ዕቃውን ሰበሰበ።

በዓሉ ተከበረ። እንግዳው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ስለ ሳይንስና ስለ ሥርዓተ ማኅበሩ ተናገረ፤ በጎኑ ቀዩ ዳይኖሰር ጭራውን እየጎተተ ቆሟል። ታንጉት ተማሪዎቿን አሰልፋ አጨበጨበች። በማግሥቱ ሀብተ ቃሉን ጠብቆ ፈረመ። ከድሩ በካሕሳይ መኪና ሄደ።

ሐቢባን ሚሌ ላይ ከቀበሯት አራት ቀን ሆኗታል። ሀምዳን ግን አየሁ የሚል ብዙ፣ የያዘ የለም። አንዲት ሴት ይዛት ወደ ደሴ መንገድ ወጣች አሉት፤ ሌላው በጭነት መኪና ወደ አሰብ ሄደች አለው፤ ሌላው እዚያው ከእናቷ ጋር ናት አለ። ከድሩ እስከ ሎግያና ከዚያም ወዲያ ድረስ ጠየቀ፤ ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ሜዳ ያኔ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር፣ እሱንም በእግሩ አቋረጠው። ኃላፊ ነን የሚሉትን ሁሉ ደጅ ጠና። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ፤ አንዱ ደህና ናት አለ፣ አንዱ መጠለያ ገብታለች አለ፣ አንዱ የሉም የተባሉት ሁሉ አሉ አለው። ከዚያ አዋሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰ፤ ይህን ለታንጉት ነግሯት ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ጥጥ እርሻዎቹ ወረደ።

እሷ አዋሽ ቀረች። ልጆቹ ከጀርባዋ «ቲቸር ጭራ» ይሏታል፤ ነገሩን ከወላጆቻቸው ሰምተውታል። ዳይኖሰር ያለበትን ምዕራፍ ሲደርሱበት ዘላው ታልፋለች። ሁለተኛ አትዋሽም፤ እውነቱን እንዳትናገር ደግሞ ሀብተ በየክፍሉ ወሬ የሚያቀብለው ሰው አለው። በየዓመቱ መስከረም ሁለት ያን ድንጋይ ላይ የሚቆም አዲስ ጫማ ታያለች፤ ጥርሷን ትነክሳለች። ሰዎች ቀዝቅዛለች ይሉ ነበር። አልቀዘቀዘችም። ፍም በአመድ ተሸፍኖ ማደሩን የከተማ ሰው ይረሳዋል።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መንግሥቱ ወደቀ። ሀብተ በሌሊት ሄደ አሉ፤ በባቡር ያሉም፣ በግመል ያሉም ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰባት ዓመት ያጨበጨበው ሕዝብ ዶማና መዶሻ ይዞ መድረኩ ላይ ዘመተ። ቀዩ ዳይኖሰር መጀመሪያ ወደቀ፤ ጣውላውን ለማገዶ ተሻሙበት። ታንጉት ጩኸቱን ሰምታ ከክፍል እየሮጠች ወጣች። የላይኛው ድንጋይ ላይ አንድ ጎረምሳ መዶሻ አንሥቷል። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ሌላ እጅ ከኋላ መዶሻውን ያዘው። ከድሩ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ወሬውን ዱብቲ ላይ ሰምቶ በመጀመሪያው መኪና መጥቷል፤ አሁን ወረቀት የሚጠይቅ ኬላ የለም።

«ይሄ አይሰበርም» አለ ለጎረምሳው። «ይነሣል እንጂ።»

ብረት ዘንግ አመጡ። ድንጋዩ ትንሽ ተንቋቋ፣ ከዚያ ዘይቱ የዋለው ውለታ ታየ፤ ሳይቆራረስ ተላቀቀ። ሲገለብጡት ዱካዎቹ እንዳሉ ናቸው። ሰዉ ግን ያየው ድንጋዩን አይደለም፤ የተነሣበትን ሊሾ ነው። ሲሚንቶው ዱካዎቹን ሞልቶ ደርቆ እግር ሆኗል። ሦስት ጣት፣ ከእያንዳንዱ ጣት ሥር ያበጠ ሥጋ፣ ጫፉ ላይ የጥፍር ሹል፤ አንዱ እግር ላይማ የቆዳው ችፍፍታ ሳይቀር ወጥቷል። ከዘመናት በፊት የሄደ አውሬ ከሥር ወደ ላይ መድረኩን ረግጦት የቆመ ይመስላል።

ታንጉት የፈረሰው ክምር ላይ ወጣች። ያኔ አዳራሹን የሞላውን ያህል ሰው በተሰበሰበበት ዳግም ልትናገር ሰባት ዓመት ጠብቃለች።

«እዩት። በእግሮቹ መካከል መስመር የለም» አለች። «ጭራው መሬት አይነካም። ያኔ አዳራሹ ውስጥ የተናገርሁት ውሸት ነው። ያጨበጨባችሁትም ታውቁ ነበር።»

አንዳንዱ አቀረቀረ። አንዳንዱ ስለ ምን እንደምትናገር አላወቀም፤ ወደ ጣውላው ተመለሰ። እሷም ይለቀኛል ብላ የጠበቀችው ቁጣ እዚያው ደረቷ ውስጥ እንዳለ አገኘችው። ለካ የጭራው ቁጣ ብቻ አልነበረም።

ከድሩ ተንበርክኳል። ትልልቆቹን እግሮች አልፎ ዳር ላይ ካሉት ትንንሾቹ ደርሷል፤ በጣቱ ጫፍ እየነካ አንድ በአንድ ይከተላቸዋል፤ ሊሾው የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ትንሿ ደርሳ ይሆን?» አላት ቀና ሳይል።

ታንጉት ደርሳለች ልትለው አፏን ከፈተች። ማን ይጠይቃታል? አንዲት ቃል ናት፤ ደግሞ ለእሱ የማያምኑበትን መናገር ለእሷ አዲስ አይደለም። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ድንጋዩ እዚህ ላይ ያልቃል» አለችው። «አላውቅም፣ ጋሽ ከድሩ።»

ከድሩ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከጠርዙ አላነሣም።

«ይሻላል» አለ። «ያኔ የጠየቅኋቸው ሁሉ ያውቁ ነበር።»

ከዚያ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ፣ ሁለት ሰው ጠራና ድንጋዩን ወደ ትምህርት ቤቱ ተሸከሙት።